ዝናቡን ያኮመጠጠው ጭስ

እ.ኤ.አ. ኦክቶበር 24 ቀን 1967 «ዳገንስ ኒሄተር» የተባለው የስዊድን ዕለታዊ ጋዜጣ አንድ የአፈር ሳይንቲስት የጻፈውን ጽሑፍ አወጣ። (ከዚህ በታች ያሉት ዓመታትም በሙሉ በአውሮፓውያን አቆጣጠር ናቸው።) ጸሐፊው ስቫንተ ኦዴን ይባላል፤ በኡፕሳላ የግብርና ኮሌጅ ተመራማሪ ነበር። በስዊድንና በኖርዌይ ላይ የሚወርደው ዝናብ ከዓመት ዓመት አሲድነቱ እየበረታ መሄዱን ጻፈ። አብዛኛው አሲድ ከእንግሊዝና ከመካከለኛው አውሮፓ የጭስ ማውጫዎች ተነሥቶ፣ በነፋስ ተገፍቶ፣ ባሕር ተሻግሮ የሚመጣ ነው አለ። ሐይቆቹና ወንዞቹ ዓሣ አልባ እየሆኑ ያሉትም በዚሁ ምክንያት ነው። ነገሩን በአውሮፓ አገሮች መካከል የሚካሄድ የኬሚካል ጦርነት ብሎ ጠራው።

ጽሑፉ በሳይንስ መጽሔት ከመታተሙ በፊት ማንም ሰው በሚያነበው ጋዜጣ ላይ በመውጣቱ የተቆጡ ሳይንቲስቶች ነበሩ። ሕዝቡ ግን ጉዳዩን ያዘው፤ ሚኒስትሮችም ሊሸሹት አልቻሉም።

እኔን ከሁሉ በላይ የሚገርመኝ ኦዴን ይህን ሁሉ ያወቀበት መንገድ ነው። አዲስ መሣሪያ አልፈለሰፈም፤ መዝገብ ነው ያነበበው። ከ1940ዎቹ መጨረሻ ጀምሮ ሃንስ ኤግኔር የተባለ ሳይንቲስት በስዊድን የእርሻ ጣቢያዎች የዝናብ ውሃ ማጠራቀሚያ ዕቃ አስቀምጦ ነበር። የኤግኔር ጥያቄ የገበሬ ጥያቄ ነው፤ ዝናብ ይዞት ከሚወርደው ናይትሮጂንና ሌላ ንጥረ ነገር የተነሣ መሬቱ ምን ያህል ማዳበሪያ በነፃ ያገኛል? በየወሩ የተጠራቀመው ውሃ ወደ ኡፕሳላ ይላካል፣ ይመረመራል፣ ቁጥሩ ይጻፋል። በ1950ዎቹ ታዋቂው የሜትሮሎጂ ሊቅ ካርል ጉስታፍ ሮስቢና ባልደረባው ኤሪክ ኤሪክሰን ሥራውን ወደ ሌሎች የአውሮፓ አገሮች አስፋፉት። በ1961 ደግሞ ኦዴን ራሱ የወንዝና የሐይቅ ውሃን የሚከታተሉ ጣቢያዎችን አቋቋመ። የዝናቡን መዝገብ ከሐይቁ መዝገብ ጎን አስቀምጦ፣ በዚያ ላይ የነፋሱን መንገድ ሲያመሳክር ነገሩ ወለል ብሎ ታየው። በቤልጂየምና በሆላንድ አካባቢ ይታይ የነበረው የአሲድ ዝናብ ክልል ከዓመት ወደ ዓመት ወደ ሰሜን እየሰፋ ስካንዲኔቪያን አዳርሶ ነበር። ለማዳበሪያ ተብሎ የተለካ ዝናብ የሐይቆችን ሞት ምስጢር ፈታ።

ከኦዴን በፊት ይህን ያየ አልነበረም ወይ ቢባል፣ ነበረ። ያውም ከመቶ ዓመት በላይ ቀድሞ።

ሮበርት አንገስ ስሚዝ ግላስጎው አጠገብ የተወለደ ስኮትላንዳዊ ነው። ጀርመን ሄዶ ከዝነኛው ኬሚስት ከዩስቱስ ሊቢግ ዘንድ ከተማረ በኋላ ማንቸስተር ተቀመጠ። የዚያን ጊዜዋ ማንቸስተር በድንጋይ ከሰል የሚንቀሳቀሱ የጥጥ ፋብሪካዎች የሞሉባት፣ ጥላሸት የለበሰች ከተማ ነበረች። ስሚዝ ዝናቡን ከመሐል ከተማ እስከ ገጠር እየቀዳ መረመረው። በ1852 ባሳተመው ጥናት ሦስት ዓይነት ዝናብ ለየ፤ ራቅ ባለው መስክ ላይ የአሞኒያ ካርቦኔት ያለበት፣ በከተማው ዳርቻ የአሞኒያ ሰልፌት ያለበት፣ መሐል ከተማው ላይ ደግሞ ሰልፈሪክ አሲድ ያለበት። ይህ አሲድ ዛሬ በመኪና ባትሪ ውስጥ የምናውቀው ነው። የተቀለመ ጨርቅ ለምን እንደሚደበዝዝ፣ ብረት ለምን ቶሎ እንደሚዝግ፣ ቅጠል ለምን እንደሚጠወልግ ከዚሁ ጋር አያያዘው። በ1872 ያሳተመው «አየርና ዝናብ» የተባለ ወፍራም መጽሐፉ «የአሲድ ዝናብ» የሚለውን ስያሜ ይዞ ወጣ።

ይህ ሰው ቢሮ ተቀምጦ የሚጽፍ ብቻ አልነበረም። ለሳሙናና ለመስታወት የሚሆን ሶዳ የሚያመርቱ ፋብሪካዎች የሃይድሮክሎሪክ አሲድ ጋዝ እየለቀቁ የአካባቢውን አዝመራና ዛፍ ያቃጥሉ ስለነበር በ1863 ሕግ ወጣባቸው፤ ከጋዙ 95 በመቶውን ይዘው እንዲያስቀሩ ታዘዙ። የመጀመሪያው ዋና ተቆጣጣሪ ስሚዝ ሆነ፤ ሕጉም ሠራ። ከዚያ በፊት ፋብሪካዎቹ የሚያውቁት መፍትሔ ጭስ ማውጫውን ማስረዘም ነበር። ግላስጎው የነበረ አንድ ፋብሪካ በ1842 ከ130 ሜትር በላይ የሚረዝም ጭስ ማውጫ አቁሟል። ጋዙ ከፋብሪካው ደጃፍ ይራቅ እንጂ የትም ቢወርድ ግድ አልነበራቸውም። ሕጉ ግን የከሰል ጭስን አልነካም፤ ከሰል የእንግሊዝ የኢንዱስትሪ ጉልበት ስለነበር የደፈረው አልነበረም። የስሚዝ መጽሐፍም መደርደሪያ ላይ አቧራ ለበሰ።

በ1950ዎቹ ኤቪል ጎረም የተባለ ካናዳዊ በሰሜን ምዕራብ እንግሊዝ የሐይቆች አውራጃ ሲሠራ፣ ነፋሱ ከባሕር ሲመጣ ዝናቡ የባሕር ጨው፣ ከፋብሪካ ከተሞች ሲመጣ ደግሞ አሲድ ይዞ እንደሚወርድ አሳይቶ ጻፈ። የሰማው ጥቂት ነው። በ1959 ደግሞ አልፍ ዳንቪግ የተባለ ኖርዌያዊ የዓሣ ባለሙያ በደቡብ ኖርዌይ ዓሣ ከሐይቆች የጠፋው ዝናቡ አሲድ በመሆኑ ሳይሆን አይቀርም አለ። እሱም ጆሮ አላገኘም። እውነቱ በየሰዉ እጅ ተበታትኖ ነበር። የዓሣ ባለሙያው ዓሣውን፣ የእርሻ ሰው ማዳበሪያውን፣ የሜትሮሎጂ ሰው ነፋሱን ይዞ ሁሉም በየሙያው መጽሔት ለየራሱ ይጽፋል። የኦዴን ታላቅነት እነዚህን አንድ ላይ ማምጣቱ ነው።

ኬሚስትሪው ብዙ የሚያስቸግር አይደለም። የድንጋይ ከሰልና ወፍራም የነዳጅ ዘይት በውስጣቸው ድኝ፣ ማለትም ሰልፈር አለባቸው። ሲነድዱ ሰልፈሩ ሰልፈር ዳይኦክሳይድ የተባለ ጋዝ ሆኖ ይወጣል። መዳብና ኒኬል ከድንጋያቸው ተቃጥለው ሲለዩም እንዲሁ ነው። ከመኪናና ከኃይል ማመንጫ ደግሞ የናይትሮጂን ኦክሳይዶች ይወጣሉ። ጋዞቹ አየር ላይ ለሰዓታት ወይም ለቀናት ሲቆዩ በደመና ውስጥ ወደ ሰልፈሪክና ናይትሪክ አሲድ ይለወጣሉ። ንጹሕ ዝናብም ቢሆን ከአየር የሚወስደው ካርቦን ዳይኦክሳይድ ስላለ ጥቂት አሲድነት አለው፤ ፒኤች በሚባለው መለኪያ 5.6 ገደማ ነው። መለኪያው በ1 ሲቀንስ አሲዱ በ10 እጥፍ ይጨምራል፤ ስለዚህ ዝናቡ 4.6 ሆነ ሲባል ቁጥሩ ትንሽ ቢመስልም ነገሩ ትንሽ አይደለም።

ጋዞቹ በአየር ላይ ለቀናት እንዲቆዩ የረዳቸው ደግሞ የሰው ልጅ በጎ ሐሳብ ነበር። በዲሴምበር 1952 ለንደንን የሸፈነው ጭስና ጉም ሺዎችን ከገደለ በኋላ በ1956 የንጹሕ አየር ሕግ ወጣ። አዳዲሶቹ የኃይል ማመንጫዎች ከከተማ ራቅ ብለው ተሠሩ፤ ጭስ ማውጫዎቻቸውም ወደ 200 ሜትርና ከዚያ በላይ ረዘሙ። የከተማው ሰው ተነፈሰ። ጋዙ ግን ከፍ ብሎ ስለተለቀቀ ነፋስ አገኘው። ካናዳ ውስጥ ሰድበሪ በተባለችው የኒኬል ከተማ በ1972 ሥራ የጀመረው ጭስ ማውጫ 381 ሜትር ነበር፤ የኒውዮርኩ ኤምፓየር ስቴት ሕንፃ ጣሪያ የሚደርስበት ከፍታ ማለት ነው።

ሰድበሪን ካነሣን፣ ከዚያች ከተማ ደቡብ ምዕራብ በላ ክሎሽ ተራሮች ላይ ላምስደን የሚባል ትንሽ ሐይቅ አለ። በ1966 የቶሮንቶ ዩኒቨርሲቲው ሃሮልድ ሃርቪ 4,000 የሚሆኑ የሳልመን ጫጩቶችን እዚያ ጨመረ። ዓላማው ዓሣው ይላመድ እንደሆነ ማየት ነበር። በዓመቱ ተመልሶ ሲፈልጋቸው ጫጩቶቹ የውሃ ሽታ ሆነዋል። እሱና ተማሪው ሪቻርድ ቢሚሽ ጉዳዩን ተከታተሉት። ከጥንት በሐይቁ የነበሩት የአገሬው ዓሣዎችም አንድ በአንድ እየጠፉ ነበር። የሐይቁ ፒኤች በ1961 6.8 ነበር፤ በ1971 ሲለካ 4.4 ሆነ። በአካባቢው ያሉ ሌሎች ሐይቆችም ያው ሆነው ተገኙ።

ዩናይትድ ስቴትስ ውስጥም ታሪኩ የተጀመረው በሌላ ጥያቄ ነው። ጂን ላይከንስ፣ ኸርበርት ቦርማን፣ ኖይ ጆንሰንና ሮበርት ፒርስ በኒው ሃምፕሸር ሃባርድ ብሩክ በተባለ ደን ውስጥ፣ ወደ ደኑ የሚገባውን በዝናብ፣ የሚወጣውን በጅረት እየለኩ የንጥረ ነገሮችን ሒሳብ ለመያዝ ተነሡ። በ1963 የቀዱት የመጀመሪያ የዝናብ ናሙና ፒኤች 3.7 ሆኖ ተገኘ፤ ከንጹሕ ዝናብ ወደ 80 እጥፍ የሚጠጋ አሲድ ማለት ነው። በአቅራቢያው ይህን የሚያመጣ ፋብሪካ የለም። በ1969 ላይከንስ ስዊድን ሄዶ ከኦዴን ጋር ሲነጋገር ደኑ ውስጥ ያየው ነገር ምን እንደሆነ ገባው። በ1972 እና በ1974 እሱና ባልደረቦቹ ያሳተሟቸው ጽሑፎች «የአሲድ ዝናብ»ን የአሜሪካ መነጋገሪያ አደረጉት። የጭሱ ምንጭ በመቶዎች ኪሎ ሜትሮች ርቆ፣ በመካከለኛው ምዕራብ ባሉት የከሰል ኃይል ማመንጫዎች ነበር።

እስከዚህ ድረስ ያለው ሁሉ የምስክርነት ክምችት ነው። ተጠራጣሪ ሰው ግን፣ ዓሣውን የገደለው አሲዱ መሆኑን በምን አወቃችሁ ማለት ይችላል፤ ያሉም ነበሩ። ዴቪድ ሺንድለር የተባለ ተመራማሪ መልሱን በሕያው ሐይቅ ላይ ሊያሳይ ቆረጠ። በካናዳ፣ በሰሜን ምዕራብ ኦንታሪዮ ለምርምር በተከለለ ሥፍራ ካሉት ሐይቆች 223 የሚል ቁጥር የተሰጠውን መርጦ፣ ከ1976 ጀምሮ ከጀልባ ላይ ሰልፈሪክ አሲድ በጥቂት በጥቂቱ ይጨምርበት ጀመር። 6.8 የነበረው ፒኤች በዓመታት ውስጥ ቀስ በቀስ ወደ 5 ወረደ።

የታየው ነገር ከተጠበቀው የከፋና ከተጠበቀው የተለየ ነበር። ሊቃውንቱ ትላልቆቹ ዓሣዎች በአሲድ ተቃጥለው ይሞታሉ ብለው ይጠብቁ ነበር። ቀድሞ የሄደው ግን በጥልቁ ውሃ የሚኖር ትንሽ ሽሪምፕ ነው። ፒኤቹ 6 አካባቢ ሲደርስ፣ ማለትም ማንም ሰው ውሃው ተበላሸ ሊል በማይደፍርበት ጊዜ፣ በሚሊዮን የሚቆጠረው ሽሪምፕ ከሞላ ጎደል አለቀ። ቀጥሎ አንድ የትንንሽ ዓሣ ዝርያ መራባት አቆመ። እንደ ሸርጣን ያለ ቅርፊት ያለው ክሬይፊሽ ቅርፊቱ አልጠነክር አለው፤ እሱም ጠፋ። ትራውቱ ግን (ዘመዱ በእኛም የባሌ ወንዞች ከውጭ ገብቶ የተራባ የዓሣ ወገን ነው) ገና ነበረ። ሲዋኝ ይታያል፤ ልጅ ግን አላፈራም፤ የሚበላውም ምግብ ከሥሩ ተነቅሎበታል። በዚያ ጊዜ የተነሣው ፎቶግራፍ ራሱ ትልቅ፣ ገላው እንደ እባብ የቀጠነ ዓሣ ያሳያል። አሲዱ አልገደለውም፤ ያመነመነው ረሃብ ነው። ውሃው ደግሞ ከወትሮው ይልቅ ጥርት ብሎ ነበር፤ ከላይ ለሚያየው ሰው ሐይቁ አምሮበታል። ሺንድለርና ባልደረቦቹ ይህን በ1985 በ«ሳይንስ» መጽሔት ሲያወጡት፣ ትልልቅ ዓሣዎች ገና ስላሉ ችግር የለም የሚለው ክርክር ውሃ የማያነሣ ሆነ።

በሌሎች ሥፍራዎች ዓሣን በቀጥታ የሚገድለው ሌላ ነገር መሆኑም ታወቀ፤ አሉሚኒየም ነው። አሉሚኒየም በአፈር ውስጥ በብዛት አለ፤ ታስሮ የሚቀመጥ በመሆኑ አይጎዳም። አሲድ ሲያገኘው ይሟሟና ከጅረት ጋር ወደ ሐይቅ ይወርዳል፤ ዓሣው የሚተነፍስበት ስንጥብ ላይ እየተጣበቀ ያፍነዋል። በኖርዌይ ወንዞች ሞቱ በተለይ በረዶ በሚቀልጥበት ወር ይበረታ ነበር፤ ክረምቱን ሙሉ በበረዶው ውስጥ የተጠራቀመው አሲድ በአንድ ጊዜ ስለሚለቀቅ። ደቡብ ኖርዌይ ከ20 በላይ የሳልመን ወንዞቿን ዓሣ በዚህ ሁኔታ አጥታለች።

ያው ዝናብ በአንድ አገር ሐይቅ ሲገድል በሌላው የማይገድለው ከሥር ባለው ዐለት ምክንያት ነው። የኖራ ድንጋይ ባለበት አሲዱ ወዲያው ይከሽፋል። ስካንዲኔቪያና ምሥራቅ ካናዳ ግን ግራናይት ላይ ያረፈ ስስ አፈር ያላቸው አገሮች ናቸው። እንዲህ ያለ አፈር ካልሲየሙን እንደ ጎተራ እህል እየቀነሰ ለአሲዱ ይከፍላል፤ ጎተራው እስኪራቆት ድረስ ከውጭ ምንም የሚታይ ነገር የለም።

እዚህ ላይ ለአገራችን አንባቢ መለየት ያለበት ጉዳይ አለ። በአዊ፣ በምሥራቅና ምዕራብ ጎጃም፣ በወለጋ ገበሬው መሬቱ «አሲዳማ» ሆኖበት ስንዴውና ገብሱ አልበቅል የሚለው በፋብሪካ ዝናብ የተነሣ አይደለም። ለዘመናት የወረደ ከባድ ዝናብ ካልሲየሙን አጥቦ ስለወሰደው፣ አዝመራው ከነገለባው ከማሳው ስለሚነሣና አንዳንድ ማዳበሪያም አሲድነቱን ስለሚያግዝ ነው። ከሚታረሰው መሬታችን ከ40 በመቶ በላይ የሚሆነው በዚህ እንደተጠቃ ይገመታል። መነሻው ይለያይ እንጂ ሥር የሚጎዳው ያው አሉሚኒየም ነው፤ መድኃኒቱም እዚያም እዚህም ኖራ ነው።

ወደ አውሮፓ እንመለስ። በ1972 የተባበሩት መንግሥታት የመጀመሪያው የአካባቢ ጉባኤ በስቶክሆልም ሲካሄድ ስዊድን የኦዴንን ጉዳይ በሰነድ አዘጋጅታ አቀረበች። በ1979 ጄኔቭ ላይ የአየር ብክለት ድንበር መሻገሩን የሚቀበል ስምምነት ተፈረመ። በ1985 ብዙዎቹ ፈራሚዎች የሰልፈር ልቀታቸውን በ30 በመቶ ለመቀነስ ተስማሙ። እንግሊዝ ግን አልፈረመችም። ለሐይቆቹም ሌላ ምክንያት ይፈለግ ነበር፤ የተተከለው ጥድ ነው፣ የመሬት አጠቃቀም መለወጡ ነው፣ ሐይቆቹ በተፈጥሯቸው እንዲህ ነበሩ ተባለ።

ለዚህ መልስ የሰጠው ጭቃ ነው። ዳያተም የሚባሉ በዓይን የማይታዩ የውሃ አልጌዎች ከመስታወት ጋር አንድ ዓይነት ከሆነ ከሲሊካ የተሠራ ቅርፊት አላቸው፤ ሲሞቱ ቅርፊታቸው በሐይቁ ወለል ላይ ንብብር ሆኖ ይቀመጣል። እያንዳንዱ ዝርያ የሚወደው ፒኤች አለው። ሪክ ባተርቢ የተባለ ተመራማሪና ባልደረቦቹ በደቡብ ምዕራብ ስኮትላንድ ራውንድ ሎክ ኦቭ ግሌንሄድ ከተባለ ሐይቅ ወለል ጭቃውን በቱቦ አወጡ፤ ከታች ወደ ላይ ንብብር በንብብር በአጉሊ መነጽር እያነበቡ ቅርፊቶቹን ቆጠሩ። ከ1850 ገደማ በፊት ሐይቁ ለዘመናት እምብዛም አልተለወጠም። ከዚያ ወዲህ አሲድ የማይወዱት ዝርያዎች እየሳሱ፣ አሲድ የሚወዱት እየበዙ ይመጣሉ፤ የከሰል ጭስ ጥቃቅን ቅሪቶችም ወደ ላይ ባሉት ንብብሮች ውስጥ ይገኛሉ። በዚህ ሐይቅ ዙሪያ ጥድ አልተተከለም። የጥድ ክርክር በዚያ አበቃ። ስሚዝ በማንቸስተር ዝናቡን በሚቀዳበት ዘመን ሐይቁ መኮምጠጥ ጀምሮ ነበር ማለት ነው።

በ1986 የእንግሊዝ መንግሥትም አንዳንድ የኃይል ማመንጫዎቹ ላይ ሰልፈር የሚያስቀር መሣሪያ ለመትከል ተስማማ። መሣሪያው ጋዙን በኖራ ድንጋይ ዝቃጭ ውስጥ የሚያሳልፍና የግንባታ ጂፕሰም ሆኖ እንዲወጣ የሚያደርግ ነው። አሜሪካ በ1990 የንጹሕ አየር ሕጓን አሻሽላ ለኃይል ማመንጫዎች የሰልፈር ጣሪያ አስቀመጠች፤ ከጣሪያው በታች ያለውን የልቀት ፈቃድ እርስ በርስ እንዲሸጣሸጡ ፈቀደች። ካናዳና አሜሪካም በ1991 ተፈራረሙ። የአውሮፓ የሰልፈር ልቀት ከ1980 ወዲህ ከ80 በመቶ በላይ ወርዷል፤ የአሜሪካ ኃይል ማመንጫዎችም እንዲሁ። ሕጉ የወጣው ለሐይቅና ለደን ቢሆንም ትልቁን ጥቅም ያገኘው የሰው ሳንባ ነው፤ ከዚያው ጋዝ የሚፈጠረው ደቃቅ ሰልፌት ብናኝ ስለቀነሰ። የሚቻል ነገር እንደነበረ አሁን ግልጽ ነው። ከስሚዝ መጽሐፍ እስከ 1990ው የአሜሪካ ሕግ 118 ዓመታት ማለፋቸው ይቅር የሚባል አይመስለኝም።

የሃባርድ ብሩክ ዝናብ ዛሬ ከ1963ቱ በብዙ እጥፍ የጸዳ ነው። አፈሩ ግን ወደ ቀድሞው አልተመለሰም። በ1996 ላይከንስና ባልደረቦቹ ባወጡት ጥናት መሠረት በአሲዱ የታጠበው ካልሲየም ከዐለት ተፈርፍሮ እስኪተካ ብዙ አሥርት ዓመታት ይፈልጋል። በ1999 ካልሲየም ያለበት ማዕድን በሄሊኮፕተር በአንዱ ተፋሰስ ላይ ተበተነ፤ በዚያ ተፋሰስ የነበሩት የስኳር ሜፕል ዛፎች አገግመዋል። ደኑን በሙሉ እንዲህ ማድረግ ግን አይታሰብም።

በደቡብ ኖርዌይ ማንዳልና ቶቭዳል በተባሉት ወንዞች ከ1990ዎቹ ጀምሮ ኖራ የሚጨምሩ ጣቢያዎች ተተክለዋል። ሳልመኑ ተመልሷል። ጣቢያዎቹ እስከ ዛሬ ሥራቸውን አላቋረጡም፤ የኖራውንም ዋጋ የሚከፍለው ጭሱን የላከው አገር ሳይሆን የኖርዌይ መንግሥት ነው።